ምንጩ ላይ የፈሰሰው ላምባ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አልማዝ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሰቆጣ መጣች። የምትማረውን ንገሪኝ ብዬ ብጨቀጭቃት ሳህን ውሃ ሞልታ፣ ከጎረቤት ባጃጅ ያመጣችውን ዘይት አንድ ጠብታ ጣለችበት። ዘይቱ ተዘርግቶ ቀስተ ደመና መሰለ።

«አባባ፣ እኛ ከዚህ በጣም የሳሳ የቅባት ቆዳ ውሃ ላይ እንዘረጋለን። መስታወት እየነከርን እንደራርበዋለን። ከዚያ ጋዝ ስናስገባበት በድርቦቹ መሀል ሴሚኮንዳክተር ያድጋል፤ በስልክዎ ሆድ ያለው ዓይነት።»

«ገብስ በገለባው ውስጥ እንደሚሞላው?»

«እንደዚያው! ልኩን የሚሰጠው ቆዳው ነው» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ደሃና ወረዳ ሳለን ነው፤ ጎረምሳ ነበርሁ። ዝናብ ቀርቶ የሰፈራችን ምንጭ መፍሰሱን አቁሞ፣ ከጉድጓዱ በቅል ይጨለፍ ነበር። ከአምደወርቅ ገበያ የኩራዝ ላምባ በጠርሙስ ይዤ ስመለስ ውታፉ አፈሰሰ። ከሚቀዳበት መታጠብ ነውር ነው፤ ግን አቧራውና ፀሐዩ አድክመውኝ እጄንም ጠርሙሱንም እዚያው ነከርሁ። ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት «ውሃው ቆዳ አወጣ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ከእኔ በኋላ የቀዳችው ሸክላ ሠሪዋ እትየ ብርዛፍ ነበረች። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይጎዳል ይባል ነበር፤ ከንቱ ወሬ።

«ላምባ ላምባ ይሸታል እኮ» አለ አንዱ።

«ከሷ ሥራ የማይሸት ምን አለ!» ብለው ሳቁበት።

አባቴ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። እንዳላዋርደው ፈራሁ። እጄን ከጋቢዬ ሥር ሸሽጌ ቆምሁ። ሽማግሌዎቹም እሷን ከምንጩ ከለከሏት።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱን ወርዳ ከወንዝ ትቀዳ ጀመር። አንድ ቀን ዳገቱ መሀል እንስራዋን አስደግፋ ስታቃስት አገኘኋትና ተሸከምሁላት። ደጇ ስንደርስ ጉልበቴን ሳመች።

«ካገሩ ሁሉ ሰው አንተ ብቻ ነህ፣ የኔ ልጅ። ዘርህ ይባረክ፤ ለወግ ለማዕረግ ይብቃ።»

«አሜን» አልሁ።

ክረምት ሳይገባ ዕቃዋን ጭና ወደ ጎረቤት ወረዳ ወደ ዝቋላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ለአልማዝ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። «ያኔ እውነቱን ቢናገሩ ምን ያደርጉዎት ነበር?» አለችኝ።

«ይቆጡኝ ነበር» አልኋት። «ሌላ ምን!»

ላምባውን ውሃ ውስጥ የጨመርሁት በድካም ነው። «አሜን» ያልሁት ግን አውቄ ነው።