«እሱ» የተባልኩ ዕለት

ይህ ነገር ካጋጠመኝ ሁለት ክረምት አለፈ። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት በአንዲት ቃል ስህተት ለእኔ የሚገባው የቡድን መሪነት ቦታ ለሌላ ሰው ሲሰጥ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ስህተቱ ከታረመ በኋላ የሆነው ደግሞ ከስህተቱ ይብሳል።

የቡለን ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ አሶሳ ውስጥ ለጤና ጣቢያዎችና ለቢሮዎች ኔትወርክ በሚዘረጋ አንድ የግል ድርጅት ተቀጠርኩ። አራት ዓመት ሠራሁ። በእነዚያ ዓመታት «ባለሙያውን ጥሪልን» እያሉ የመጡ፣ «እኔ ነኝ» ስላቸው «አይ፣ የሚሠራውን ማለታችን ነው» ያሉኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። አንዱማ እኔ ገመዱን እየቀጠልኩለት አጠገቤ ቆሞ «ባለሙያው መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎኛል።

በዚያ ክረምት የቡድን መሪያችን ሌላ ሥራ አግኝቶ ለቀቀ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደረጀ «ቦታው በሥራው ለታየ ሰው ነው» አሉ። ለቦታው የምንታጨው ሁለት ነበርን፣ እኔና ሀብታሙ። ሀብታሙ ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ፣ ስብሰባ ላይ ንግግሩ የሚያምርለት፣ መሰላል ላይ ግን ብዙም የማይታይ ልጅ ነው። ቦታውን በጣም ፈልጌው ነበር። አልደብቅም።

ብዙም ሳይቆይ ሸርቆሌ አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ መብረቅ ወርዶበት የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ቀጥ አሉ። አቶ ደረጀ አዲስ አበባ ስለነበሩ ሀብታሙን በስልክ «ሂድ» አሉት። እሱም ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ወገቤን ይዞኛል። መንገዱም ጭቃ ነው። አንቺ ብትሄጂስ?»

ሄድኩ። ሚኒባሷ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ወርደን ገፋናት። ሀብታሙ በዚያው ቀን ከሰዓት በታመመ ወገቡ ኳስ ሲጫወት እንደዋለ የሰማሁት በኋላ ነው።

ጤና ጣቢያው ስደርስ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በካርድ ክፍሉ በር ተደርድረዋል። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሙሳ ስም በወረቀት እየጻፉ ነበር። ጋሽ ሙሳ የበርታ ሰው ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት በሥራ ነው። ለእሳቸው ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነው። በእኛም አገር አማርኛን ኋላ የተማሩ የሺናሻ ሽማግሌዎች እንደዚያው ስለሆኑ አልገረመኝም።

«አንተ ነህ ባለሙያው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ግባ፣ ግባ እህቴ።»

በቃ። ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቁኝም። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያደረገ ደንበኛ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጣሪያ ላይ ወጥቼ የተቃጠለውን ገመድ ቀየርኩ። የማይነሳውን ሰርቨር ፈትቼ መረጃው ያለበትን ዲስክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አዛወርኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰዉ ካርድ አንድ ሳይጎድል ተመለሰ። ጋሽ ሙሳ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው እዚያው ለአቶ ደረጀ ደወሉ።

«ወላሂ እሱ ጎበዝ ነው! ጠዋት መጣ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ሁሉን ሠራ! ሁልጊዜ እሱን ላክ።»

አጠገባቸው ቆሜ ሳቄን ዋጥኩ። «እሷ በሉ» ልላቸው አስቤ ነበር። ትልቅ ሰው ማረም ነውር መሰለኝና ተውኩት።

ሪፖርቱን የጻፈው ሀብታሙ ነው። «ብልሽቱ ተጠግኗል፤ አገልግሎቱ ተጀምሯል» ይላል። ማን እንደጠገነው የማይናገር ግሥ መርጦ መጻፍ እንዲህ ይቀለዋል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር።

ሰኞ አቶ ደረጀ ሰበሰቡን። «ሀብታሙ በሸርቆሌው ሥራ የላቀ ብቃት አሳይቷል። ቆራጥ፣ ችግር ፈቺ። ከዛሬ ጀምሮ ቡድን መሪያችን ነው» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ሀብታሙን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል።

«የሄድኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አቶ ደረጀ ሳቁ። «ደንበኛው ራሱ ደውሎ ‹እሱ ጎበዝ ነው› ብሎኛል እኮ!»

እዚያው ለጋሽ ሙሳ ደውዬ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቅኩት። ገና ድምፄን እንደሰሙ ጮኹ፦

«እህቴ! አንተ ደህና ነህ? ኮምፒውተር ይሠራል፣ አልሐምዱሊላህ! አንተ ጎበዝ ነህ!»

ጋሽ ሙሳ የተሳሳቱት አማርኛ ላይ ነው። አለቃዬ ግን አማርኛ አሳምረው ይችላሉ።

«እሺ፣ አንቺም ሄደሽ ከሆነ ጥሩ ነው» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ግን ገመድ መቀየር ያን ያህል የሚጋነን አይደለም። ደግሞ ማን ረዳሽ?»

ያው ሥራ ከአምስት ደቂቃ በፊት የላቀ ብቃት ነበር። የእኔ መሆኑ ሲታወቅ ገመድ መቀየር ሆነ። ቀጠሉና «ቡድን መሪ ገጠር ለገጠር መዞር አለበት፣ ለሴት ይከብዳል። ለአንቺው ብዬ ነው» አሉ። ሀብታሙ በወገቡ ምክንያት ያልሄደበት ገጠር ለእኔ ይከብዳል! የሹመት ደብዳቤውም ማኅተም አርፎበታል ተባለ። ስንወጣ ሀብታሙ «ምን አካበድሽው፣ ቡድን እኮ ነን» አለኝ።

ሦስት ወር ቆየሁ። አዲሱ መሪዬ ባምባሲ ለሥራ ሲሄድ በየሰዓቱ እየደወለ «ይህን ገመድ የት ልሰካው?» ይለኝ ነበር። እኔም እንደ ሞኝ እነግረው ነበር። አንድ ቀን ሰለቸኝና የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ሥራውን የሠራሁት እኔ መሆኔ እየታወቀ የቡድን መሪነቱ ለሌላ ሰው ስለተሰጠ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» የሚል ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።

የቀድሞው መሪያችን የለቀቀ ጊዜ አቶ ደረጀ «ሥራ የት አገኘህ?» ብለው ነበር የጠየቁት። የእኔን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በፈገግታ አዩኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ሠርጉ መቼ ነው?»

የማገባው ሰው እንኳ አልነበረኝም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እልህ ይዞኝ፣ ምን ብላቸው ይገባቸዋል እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ ነበር። ከዚያ ጥያቄ በኋላ ግን እልሁ ለቀቀኝ። አሁን የራሴን ሥራ እሠራለሁ፤ ቦታውን ማጣቴም አይቆጨኝም። የሚያሳፍረኝ ግን አለ። ፊቱ ያለውን ደብዳቤ አንብቦ የማይገባው ሰው ሥራዬን ያይልኛል ብዬ አራት ዓመት ሙሉ መጠበቄ ነው።