አርብ አርብ የሚጎድለው ገንዳ

ነገሩ የሆነው ባለፈው በጋ፣ ውሃ በፈረቃ እየመጣ በሚጠፋበት ሰሞን ነው። እኔ መርካቶ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። አንድ ነገር ሲያፈስ ካየሁ ምክንያቱን ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለቤቴ "ወሬኛ" ይለኛል፤ እኔ ግን የሙያ ጉዳይ ነው እላለሁ። ይህን ገጠመኝ ያልረሳሁት፣ ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ ይበልጥ ስለገረመኝ ነው።

ከሱቄ ጀርባ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የጨርቅ አከፋፋይ ይኖራሉ። ወገባቸውን ቢያማቸው ሐኪም ዋና አዘዘላቸውና ግቢያቸው ውስጥ ትንሽ የዋና ገንዳ አሠሩ። መርካቶ መሃል የዋና ገንዳ አለ ስል ማንም አያምነኝም፤ ግን አለ።

አንድ ቀን ሱቄ መጡና፣ "አንቺ ልጅ፣ ገንዳዬ ውሃ ይጠጣል። በቦቴ አስሞላለሁ፣ መልሶ ይጎድላል። ወለሉን ላስፈነቅለው ነው" አሉኝ።

"ከማስፈንቀልዎ በፊት እስቲ ልየው" አልኳቸው።

ዘዴው ቀላል ነው። ባልዲ ውሃ ሞልቼ ገንዳው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩ። በባልዲውም በገንዳውም ላይ ውሃው የደረሰበት ቦታ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ ውሃውን የወሰደው ፀሐይ ነው። የገንዳው ከባሰ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ እየተመላለስኩ አየሁ። ሁለቱም እኩል፣ ለዓይን እንኳ የማይሞላ ያህል ነው የቀነሱት። አርብ ከሰዓት ስሄድ ገንዳው አራት ጣት ያህል ጎድሏል። ባልዲው ደግሞ ባዶውን ጥግ ላይ ተደፍቷል። ፀሐይ ደግሞ ባልዲ አትደፋም።

ሐጂ ሸምሱ ወዲያው ወደ ዘበኛቸው ዞሩ። ዘበኛው ጋሽ ወርቁ ከጎጃም መጥተው እዚያ ግቢ ብዙ ዓመት የኖሩ ጭምት ሰው ናቸው።

"ውሃዬን ለማን ነው የምትሸጠው?"

"እኔ ውሃ አልሸጥኩም ሐጂ።"

"ታዲያ ማን ወሰደው?"

ጋሽ ወርቁ ጎንበስ ብለው የተደፋውን ባልዲ አቃኑ። ሐጂ ሸምሱ ተናደዱ። "እስከ ሳምንት ቅዳሜ ካልተናገርክ ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ" አሏቸው።

ያን ሳምንት ምግብ አልበላ አለኝ። በእኔ ባልዲ ሰበብ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ነው። ደግሞስ ለምን አርብ ብቻ? ሳስበው፣ ሐጂ ሸምሱ አርብ እኩለ ቀን ላይ እቤት ተገኝተው አያውቁም። ለጁምዓ ሶላት ከሱቅ በቀጥታ፣ ቀድመው መስጊድ ይገባሉ።

በቀጣዩ አርብ ሱቃቸው ሄጄ፣ "ዛሬ መጀመሪያ በቤት በኩል እንለፍ" ብዬ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ ተከተሉኝ።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ኩሊዎችና ባለጋሪዎች ተሰልፈዋል። የሐጂ ሸምሱ እናት እማማ ዘሃራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ሰዎች በማንቆርቆሪያ ውሃ ያፈሱላቸዋል። ጋሽ ወርቁ በዚያው በለካሁበት ባልዲ ከገንዳው እየቀዱ ያቀብላሉ። አንዳንዱም በጀሪካን ለጓደኞቹ ይዞ ይወጣል።

ሐጂ ሸምሱ "እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

"ሰፈሩ ሁሉ ውሃ የለም። ሰው ሶላት እያመለጠው የኔ ቤት ውሃ ዝም ብሎ ይተኛ?" አሉ እማማ ዘሃራ። "ሰደቃ ነው። ሰደቃ ደግሞ አይወራም። ወርቁንም እንዳይናገር ቃል አስገብቼዋለሁ።"

እኔ አላስችል አለኝና፣ "እማማ፣ ጋሽ ወርቁ እኮ በዚህ የተነሳ ነገ ሊባረሩ ነው" አልኳቸው።

አልሰሙም ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። "ወርቁ፣ ምነው ሳትነግረኝ?"

"ብነግርዎት ውሃውን ያቆማሉ ብዬ ነው እማማ።"

ሐጂ ሸምሱ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ "ይቅር በለኝ ወርቁ" አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ባልዲውን ከጋሽ ወርቁ እጅ ተቀበሉ። ሰልፉ እስኪያልቅ የቀዱት እሳቸው ናቸው።

ወለሉ አልተፈነቀለም። አሁን ቦቴው የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ጋሽ ወርቁም እዚያው አሉ።

እኔን ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ በቀደም ጠየቅኳቸው። "ያን ዕለት ባንመጣ ኖሮ የእውነት ዝም ብለው ይወጡ ነበር?"

"ቃል ሰጥቼ የለ እንዴ?" አሉኝ፤ ጥያቄው ራሱ የገባቸው አልመሰለኝም።

እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ በመሆኑ ደስ ይለኛል። ትንሽም አፍራለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ ገና ሳልጠየቅ ነበር የምናገረው።