ሊጥ የለጠፍኩበት እጅ

የቃጠሎዬ የመጀመሪያው ምልክት ሕመም ሳይሆን ሕመም አለመሰማቴ ነበር። የቀኝ እጄ ጀርባ ነጭ ሆኖ ደረቀ። ብነካው አይሰማኝም፤ ዳር ዳሩ ብቻ ይለበልበኛል። «ተመስገን፣ ቀላል ነው» አልኩ። ምን ያለሁ ሞኝ ነኝ!

ደርግን ሸሽቼ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ የገባሁ መካኒክ ነኝ። ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ ከአክስቴ ልጅ ከሰናይት ቤት ተጠግቼ ቆየሁና ከከተማው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የከበረ ድንጋይ ማውጫ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከጉድጓዱ ውሃ የሚስበውን የቤንዚን ሞተር መጠበቅ ነበር። ሞተሩ ከቆመ ውሃው ይመለሳል፣ ቆፋሪዎቹ ይወጣሉ፣ አለቃው ያብዳል። ስለዚህ ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ እየሠራ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ሳለሁ እንዲህ የሚያደርግ ረዳት ባገኝ ጆሮውን እጠመዝዝ ነበር። እዚህ ግን እኔው ለወራት አደረግኩት። ወረቀት የሌለው ስደተኛ እምቢ ማለት ይፈራል።

አንድ ጠዋት ቤንዚኑ በጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ፈሰሰ። ነደደ። እጄም ነደደ። የእሳት ማጥፊያው እንዳይሰረቅ ተብሎ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ አለቃው ኪስ ነው። አለቃው ከተማ ሄዷል። ጓደኞቼ በአፈርና በጆንያ አጠፉልኝ።

ቀጥሎ ያለውን ጥፋት በማንም አላላክክም። በልጅነቴ የተቃጠለ ሰው ሊጥ ሲለቀለቅ አይቻለሁ። «ዱቄት አምጡ!» ብዬ ጮህኩ። ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ የሚሠራበትን የበቆሎ ዱቄት አቡክተው እጄ ላይ ለጠፉልኝ። ከጉድጓዱ ሲሳብ ያደረው ቀዝቃዛ ውሃ እግሬ ሥር በቦይ ሞልቶ ነበር። ከእሱ አንድ ኩባያ ቀድተን ለሊጡ ማቡኪያ አደረግነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ናይሮቢ ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ የደረቀውን ሊጥ እየፋቀ «ማነው ዳቦ የጋገረብህ?» አለኝ። አልሳቀም። «ሰርድ ዲግሪ፣ ከባዱ ቃጠሎ ነው። ያላመመህ ነርቩ ስለሞተ ነው። ወዲያው ሃያ ደቂቃ ውሃ ብታፈስበት ጉዳቱ ይቀንስ ነበር።»

ኢንፌክሽን ገባ። አተኮሰኝ። እጄ ሸተተ። «ሦስት ቀን እንጠብቃለን» አለኝ ሐኪሙ፤ «ካልተሻለ እንቆርጠዋለን።»

መካኒክ ነኝ። ሌላ ሙያ የለኝም።

ሊጠይቁኝ ከመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዷ «የጌታ ፈቃድ ነው» አለችኝ። «እህቴ፣ መጋዘኑን የቆለፈው ጌታ አይደለም» አልኳት። ሰናይት አፈረች። እኔ አላፈርኩም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ከጭኔ ቆዳ ወስደው ስኪን ግራፍት ሠሩልኝ፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ፊዚዮቴራፒስቷ እርጥብ ስፖንጅ እያስጨበጠችኝ፣ እኔም በአማርኛ እየተሳደብኩ፣ እሷም እንዳልገባት ሆና እየሳቀች፣ ሦስቱን ጣቶቼን ቀስ በቀስ መለሰችልኝ። ሁለቱ ዛሬም አይታጠፉም።

አለቃው አንዴ ብርቱካን ይዞ መጣ። «ፖሌ ሳና፣ ፉንዲ» አለኝ፤ በጣም አዝናለሁ፣ ባለሙያው ማለቱ ነው። ማጥፊያውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰቀልከው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ይሰርቁታል» አለ። ብርቱካኑን ይዞ እንዲመለስ ነገርኩት።

ሐኪሙን፣ ያቺን ፊዚዮቴራፒስት፣ በየቀኑ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እየተጋፋች ሾርባ ያመላለሰችልኝን ሰናይትን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። እናንተ ግን ስሙኝ፦ ብትቃጠሉ ውሃ፣ ውሃ ብቻ! ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አታስነኩ። አላመመኝም ብላችሁም ከሐኪም አትቅሩ።

ከዳንኩ በኋላ ልብሴን ልወስድ ወደ ማውጫው ሄድኩ። በእኔ ቦታ የተተካው ያገሬ ሰው ጀሪካን ይዞ በሚጮኸው ሞተር ላይ አጎንብሷል።

«አጥፋው!» አልኩት።

«ውሃው ይሞላል እኮ፣ ጋሼ።»

በቀሩኝ ጣቶች ራሴ አጠፋሁት። እስኪበርድ ቆመን ጠበቅን። ቆፋሪዎቹ እስከ ጉልበታቸው ርሰው፣ እኔን እየተሳደቡ ወጡ። ይሳደቡ። ሁሉም በእግራቸው ነው የወጡት።