ዑምኩልሱም ሀሚዱና ሰባተኛዋ ምርኮኛ

ዑምኩልሱም ሀሚዱ ባለፈው ጥር አሥራ ሦስት ቀን፣ በኀምሳ አንድ ዓመቷ፣ ሐይቅ ከተማ አረፈች። ልብስ ሰፊ ነበረች። ከዚህ በታች ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ፤ ያልገባኝንም እንዳልገባኝ እተወዋለሁ።

ሱቋ ከገበያው በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነበር። ለቄሶች ቀሚስ፣ ለሼሆች ጀለቢያ በአንድ የስፌት መኪና ትሰፋለች። ሥራ ሲቀልላት ሐይቁ ዳር ባለው አዳራሽ ሰው ሰብስባ ቲያትር ታሠራለች። ባጃጅ ነጂው ምስጋናው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪዋ እድላዊትና መንዙማ አውጪው ሼህ ኑርዬ ከተዋንያኑ መካከል ነበሩ። እኔ የወረዳው መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ልምምዱን በድምፅ መቅጃ እቀዳላቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ ቲያትር ጀመረች። ከደቡብ በባርነት ተይዘው፣ በአምባሰል ሥር አልፈው፣ ወደ ባሕር ጠረፍ ስለተነዱ ሰዎች ነው። በእኛ ከተማ ይህ ነገር አይነሳም። ቀይ ይባላል፣ ጠይም ይባላል፤ ጥቁር ሲባል ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል።

«ነጋዴው አሰለማቸው፣ ገዢው ክርስትና አነሳቸው» አለችኝ ዑምኩልሱም። «ሁለቱም ስም አወጡላቸው። እነሱም በሁለቱም ከልባቸው ጸለዩ። የእናታቸውን ስም ግን ማን ጠየቃቸው? የምሠራው ይሄንን ነው።»

ከጽሕፈት ቤቴ አንድ ግልባጭ ሰጠኋት። በአሮጌ ብራና ኅዳግ ላይ የተጻፈ የሽያጭ ውል ነው። ሰባት ሰዎች ተሸጠዋል። የስድስቱ ስም ይነበባል፤ ሰባተኛው ላይ ውሃ ፈስሶበታል። «ሴት ልጅ» ከሚለው በቀር የቀረ የለም። ስለዚህ በግልባጩ ላይ ቦታውን ባዶ ተውኩት።

ምርኮኞቹን የሚሠሩት ስድስት ቢሆኑም ዑምኩልሱም ከአቡጀዲ ሰባት ልብስ ሰፋች። «ወረቀቱ ሰባት ካለ ሰባት ነው» አለች። ትርፉን ከመድረኩ ጎን ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

መጋቢት ስድስት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነጋዴውን የሚሠራው ምስጋናው ስም እየጠራ ነበር። ስድስቱም በየተራ «አቤት» አሉ። ባዶው ጋ ሲደርስ ዝም አለ። በዝምታው መካከል አንዲት ልጅ «አቤት» አለች።

ሁላችንም ከነወንበራችን ወደ ኋላ ዞርን። ሰው አልነበረም።

«እድላዊት፣ አንቺ ነሽ?» አለ ምስጋናው።

«አንዴ ብያለሁ እኮ። ስንቴ ልሸጥልህ?»

የሳቀ የለም። እኛ አገር የማያውቁት ድምፅ ሲጠራ እስከ ሦስተኛው ጥሪ አይመለስለትም። ሳይጠራ ለሚመልስ ግን ምን እንደሚደረግ የነገረን አልነበረም። ሼህ ኑርዬ መቁጠሪያቸውን አወጡ። «ያልተጠራ ሰው ከመለሰ ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው» አሉ።

ቅጂውን በማግስቱ አራት ጊዜ ሰማሁት። ድምፁ የለም። ያለው አራት ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያም የዘጠኝ ሰው ወንበር ሲንቋቋ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሰቀለው ልብስ ጫፍ እርጥብ ሆኖ ይገኛል፤ የሐይቅ ጭቃ ይሸታል። መሰላል አምጥቼ ጣሪያውን አየሁ። አያፈስም። በአዳራሹም ቧንቧ የለም።

«አንድ ስም ሙላበትና እንገላገል» አለኝ ምስጋናው።

«ያልተነበበ ስም አልሞላም።»

«አይ አንተ መዝገብ» አለች ዑምኩልሱም። «ሙታንንም ማህተም አምጡ ልትል ነው?»

ያን ዕለት ግን ስንወጣ ወደ ኋላ አስቀረችኝ። የቅድመ አያቷ እናት እዚሁ ገበያ ላይ የተገዛች ልጅ እንደነበረች፣ ይህንንም በአያቷ ቀብር ላይ አንዲት ሴትዮ ስታንሾካሹክ እንደሰማች ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ለማንም አልተናገረችም። አሁን ልጇ ሉብና ታጭታለች፤ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች ዘር እየቆጠሩ ነው። እሁድም ቲያትሩን ሊያዩ ይመጣሉ።

«ሰባተኛዋ እሷ ለመሆኗ ማስረጃ የለሽም» አልኳት።

«እሷ ላለመሆኗስ አንተ አለህ?»

አልነበረኝም። «እንግዲያው ልጅሽ እስክትዳር ዝም በይ» አልኳት። ይህንን ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጡ፤ ሉብና ከኋላቸው። ምስጋናው ስድስቱን ጠራ። ባዶው ጋ ደርሶ ቆመ። ያ ድምፅ ይመጣል ብለን ጠበቅን። እስከ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆጠርኩ። አልመጣም።

ዑምኩልሱም ከመድረኩ ጎን ወጣች። ሰባተኛውን ልብስ ለብሳለች፤ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆማ «አቤት» አለች።

ምስጋናው ከወረቀቱ ቀና አለ። «ማን… ማን ልበልሽ?»

«እንጃ። የቅድመ አያቴ እናት ናት። እዚሁ ታች ገበያው ላይ ተሸጠች። ስሟን የሚያውቅ ሰው አልቀረም።»

 ሼህ ኑርዬ ከቦታቸው ተነስተው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ እኛ ባናውቃት አንተ ታውቃታለህ» አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። እኛ ጨርሰን ዝም ካልን በኋላም አሚኑ ከጀርባችን ቀጠለ፤ የብዙ ሰው፣ ዝግ ያለ ድምፅ። ከጀርባችን ያለው ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ሐይቁ።

ሽማግሌዎቹ ቲያትሩ ሳያልቅ ወጡ። ረቡዕ ዕለት «ጊዜ ይሰጠን» ብለው ላኩ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም።

ሐሙስ የኮቴን እጅጌ ላስጠግን ሱቋ ነበርኩ። ሉብና ገባች። ከእሁድ ጀምሮ እናቷን አላነጋገረችም ነበር።

«ለሽማግሌዎቹ ስትነግሪያቸው እኔም እዚያው ነበርኩ» አለቻት። «ቀድመሽ ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለኔም የነገረኝ የለም፣ ልጄ። ቀብር ላይ ነው የሰማሁት።»

«እኔም ከባዳ ጋር እኩል ልስማ?»

ዑምኩልሱም ጨርቁን በመኪናው ሥር ትገፋለች፤ ስፌቱ ጠምሞ ሄደ። እንዲህ ሲሆንባት አይቼ አላውቅም። ሉብና አግዳሚው ላይ የተከመረውን ልብስ ገፍታ ተቀመጠች።

«በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«መጀመሪያው የለኝም።»

«ከያዝሽው ጀምሪ።»

ዑምኩልሱም እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። እኔ ብዕሬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤ ኮቱንም እዚያው ተውኩት። የተባባሉትን አልጻፍኩም።