ከድሬ ቆሰበር የተሰደደችው ሆያዬ

ከድሬዳዋ ልወጣ ዋዜማ፣ አክስቴ ሰናይት የምታሽገው የእኔን ልብስ ሳይሆን ሆያዋን ነበር። ሆያን የማታውቁ ካላችሁ፣ የቤት ሐረግ ናት። ቅጠሏ ወፍራም ሆኖ ሰም የተቀባ ይመስላል። አበባዋ ደግሞ ትንንሽ ኮከቦች ተሰብስበው ኳስ የሠሩበት ነው፣ ሲመሽ ቤቱን በመዓዛ ይሞላዋል። አክስቴ (ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ሰኒ ነው የምላት) እናቲቱን ሆያ በረንዳችን ላይ በሽቦ ከመስኮት መስኮት አዙራታለች። ከእሷ ቆርጣ ያጸደቀቻትን፣ ክንዴን የምታህል ልጇን፣ በወተት ጣሳ ተክላ በነጠላ ጠቀለለችልኝ።

"ስታብብ ደውይልኝ፤ ያን ጊዜ እመጣለሁ" አለች።

"ካላበበችስ?"

"አቦ፣ አታሟርቺ!"

የሄድኩት ወደ እናቴ ነው። መምህርት ናት፣ እንጅባራ ከተመደበች ቆይታለች፣ "ልጄ አሁን እኔ ጋ ትደግ" አለች። ልክ ናት። ግን እናትን በስልክ ስታውቁ ኖራችሁ በድንገት አብራችሁ ልትኖሩ ስትሄዱ፣ ሰላምታውን እንኳ መንገድ ላይ ትለማመዳላችሁ።

አውቶቡሱ በር ላይ ረዳቱ ጣሳዬን አየና አስቆመኝ።

"ሰው ናት ዕቃ? ዕቃ ከሆነች ጣራ ላይ፣ ሰው ከሆነች ትኬቷን አሳዪኝ።"

"ሕፃን ናት። ጭኔ ላይ ነው የምትሄደው።"

ከት ብሎ ስቆ አሳለፈን። ከዚያ በኋላ በቆምን ቁጥር "ሕፃኗ አላለቀሰችም?" ይለኛል። ከአዲስ አበባ በሌላ አውቶቡስ ቀጥለን ዓባይ በረሃ ስንወርድ ያ የማውቀው ሙቀት በመስኮት ገባና "ደረስን እንዴ?" አልኩ፣ ድሬ የተመለስኩ መስሎኝ። ሆያም ደስ ያላት መሰለኝ። ከዚያ ግን ዳገቱ መጣ፣ ቀጥሎ ብርዱ፣ ቀጥሎ ጭጋጉ። ቆሰበር ስንገባ (እንጅባራን እዚህ ብዙ ሰው በድሮ ስሟ ቆሰበር ነው የሚላት) ጥርሴ እየተንገጫገጨ ጣሳዋን ሹራቤ ውስጥ ከትቼያት ነበር።

እንደዚያው አቅፌያት ነው በማግስቱ ቀበሌ የሄድነው። ጸሐፊው መሸኛዬን ተቀበለ፣ አነበበ፣ ገለበጠ፣ እንደገና አነበበ።

"እዚህ ላይ አንድ ሰው ነው የሚለው። ጣሳው ውስጥ ያለችውስ?"

"እሷ ተክል ናት።"

"ከድሬዳዋ ከመጣች መሸኛ ያስፈልጋታል።" ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት የለም። እኔ ላስረዳው አፌን ስከፍት እናቴ ቆነጠጠችኝ። "ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሰኞ ኑ።" ሰኞም ማኅተሙ ስብሰባ ላይ ነበር። ሰውዬው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "የሐረጓ መሸኛ መጣ?" ይለኛል።

ቤት ያከራዩን እትዬ ያልጋነሽና ባለቤታቸው አያ ፈንቴ ናቸው። እትዬን ገና ሳያቸው እንደ ድሬ ልጅ "እንዴት ነሽ?" አልኳቸው። እናቴ በጆሮዬ "እንዴት ነዎት በይ!" አለችኝ።

"ለመሆኑ አክስትሽን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያት?" አሉኝ እትዬ።

"ሰኒ።"

አማተቡ። ከዚያ ወደ አያ ፈንቴ ዞረው በአዊኛ የሆነ ነገር አሉ። ስለ እኔ ሲያወሩ ወደ አዊኛ ነው የሚሻገሩት፣ እኔም ሳቃቸውን ብቻ እቆጥራለሁ። ሆያ እንደምትባል ስነግራቸው ደግሞ "ቡሄ ገና ነው!" ብለው በጣም ሳቁብኝ። ግን የዚያኑ ዕለት ሳህን ሙሉ ትኩስ ድንች ላኩልን። ድሬ ሆይ አትቀየሚኝ፣ ሳምቡሳሽ ይናፍቀኛል፣ የእንጅባራ ድንች ግን አፍ ውስጥ ይሟሟል!

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የድሬ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፣ ጠዋት ፊትሽን ሳትታጠቢ ተክልሽን ታጠጫለሽ፣ ያለዚያ እስከ ምሳ ይጠወልጋል። እኔም በየጠዋቱ አንድ ኩባያ አጠጣኋት። በክረምት! ግድግዳው ሳይቀር በሚያልብበት አገር! ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፣ ተሸበሸበ። የተሸበሸበ ቅጠል ደግሞ ለድሬ ልጅ ትርጉሙ ጥም ብቻ ነው። ስለዚህ ጨመርኩላት።

እትዬ ያልጋነሽ አንድ ቀን መጥተው ከጣሳው መዘዝ አደረጓት። ሥሯ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል፣ ይሸታል።

"ልጄ፣ በዚህ አገር ድንች እንኳ ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል። አሰጠምሻት እኮ!"

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ቢላዋ አምጥተው የጠቆረውን ሁሉ ቆረጡት። የተረፈው ሁለት ቅጠል ያላት አንዲት ቁራጭ ናት። በውሃ ጠርሙስ አድርገው ማድቤታቸው ውስጥ፣ ሙቀት የማይለየው መደርደሪያ ላይ አኖሩልኝ። እዚያው እንደቆምኩ ሰኒ ደወለች።

"ሆያዬስ?"

"ደህና ናት! እያደገች ነው!" አልኩ። የአንቺዋስ ስላት "የኔማ በረንዳውን አልፋለች" አለችኝ።

ቁራጯ ሥር ስታወጣ የቀጠለው የአያ ፈንቴ ሥራ ነው። አያ ፈንቴ ከቀርከሃ ወንበርና አልጋ ሠርተው መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ታቹ የተበሳ ማሰሮ ፈልገው ከጎረቤታችን ከአዲስ ቅዳም ከተማ የመጣ የከሰል ፍርፋሪ ከአፈሩ ጋር ቀላቀሉልኝ፣ ውሃ እንዳይተኛባት። ከዚያ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ሰጡኝና "እስከ ታች ሰክተሽ አውጪው። ጭቃ ይዞ ከወጣ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!" አሉኝ። አርፎ መቀመጥ እንዴት ከባድ ነው!

መወጣጫዋን ደግሞ ቁመቴን የሚያህል አድርገው ሠሩት። በቀደመው በጋ ቆርጠው ያደረቁትን ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ እንደ መሰላል አግድመው፣ በራሱ ልጥ አሰሩት። እርጥቡን ነቀዝ ይበላዋል አሉ። የጠዋት ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር አቆምነው።

"ሐረጓን አትጎትቻት" አሉኝ። "ገና ለጋ ሳለች መንገዱን አሳዪያትና ዞር በይ።"

እንዳሉት አደረግሁ። አንድ ጊዜ ቅጠል የሌለው ረጅም ዘንግ አወጣችና እትዬ "ይሄ ደርቋል" ብለው ሊቆርጡት ሲሉ ጮህኩ።

"እንዳይቆርጡት! ቅጠሉ ኋላ ነው የሚመጣው!"

"እንደ አንቺ ናታ! መጀመሪያ ርዝመት፣ ሥጋ ኋላ።"

ሦስት ክረምት አለፈ። ሆያዬ የመወጣጫውን ጫፍ ነክታ ተመልሳ ወርዳ እንደገና ወጣች። እኔም እትዬን "እርስዎ" ስል ምላሴ አይደናቀፍም። ሰኒ ስትደውል ግን ጠርሙሱ ትዝ እያለኝ ወሬውን ቶሎ እቀይራለሁ። ዘንድሮ እምቡጥ ያዘች። ብርሃኑ እንዳይለዋወጥባትና እምቡጧን እንዳታረግፍ ማሰሮውን ንክች አላደረግሁትም። ባለፈው ሳምንት ሲመሽ እትዬ በሩ ላይ ቆመው "ማነው ሽቶ የተቀባ?" አሉ።

እሷ ናታ!

ወዲያው ደወልኩ። "ሰኒ! አበበች!"

"እውነትሽን ነው?" አለች።

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ውሃውን፣ የበሰበሰውን ሥር፣ ውሸቴን። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ ሳቋ ቀጠነ።

"የእኔዋ እኮ ሞታለች" አለችኝ። "አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እየጠወለገች በዓመቱ ደረቀች። የምታጠጫት አንቺ ነበርሽ፣ እኔ እረሳት ነበር።"

"በረንዳውን አልፋለች አላልሽኝም?"

"አንቺስ እያደገች ነው አላልሽኝም?"

ከዘሯ የቀረችው ይቺ የቆሰበሯ ብቻ ናት ማለት ነው።

"በይ ነያ፣ ቃል ገብተሻል" አልኳት።

"ጉልበቴ አቦ... ደረጃው እንኳ አልሆነልኝም።"

"እሺ ቆርጬ ልላክልሽ፣ በአውቶቡስ።"

"እንዳትልኪ! ረዳቱ ጣራ ላይ ይጭናታል። አንቺው ጭንሽ ላይ አድርገሽ አምጪልኝ" አለችና ኔትወርኩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል እምቢ አለ።

አሁን በእትዬ መደርደሪያ ላይ ሁለት ቅጠል ያላት አንዲት ቁራጭ በጠርሙስ ተቀምጣለች። ትናንት ሁለት ነጭ ሥር አወጣች። እናቴ "ትምህርት ሲዘጋ እናያለን" ብላለች፣ አያ ፈንቴም ጉልበት ላይ የምትያዝ ትንሽ መወጣጫ ጀምረውልኛል። አደርሳታለሁ። ግን ድሬ ነው፣ በየጠዋቱ የሚያጠጣት ሰው ትፈልጋለች፣ ሰኒ ደግሞ ትረሳለች። ይሄን ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።