የፍኖተ ሰላም ባቡሮች

ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፍኖተ ሰላም ባህል ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ገና ወንበሬን ሳላሞቅ ደብዳቤ መጣ። «በከተማችሁ ያሉ የአሮጌ ባቡር ጣቢያዎች ታሪክ ተጠንቶ ይላክ» ይላል። ጎጃም ውስጥ ሐዲድ የት አለና? ለሌላ አገር የተጻፈውን ገልብጠው ለሁሉም መበተናቸው ነው። አለቃዬ ስቆ ስቆ «የለም ብለሽ መልሺ» አለኝ።

ጥፋቴ፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ ይህን ለአባቴ ማውራቴ። እኛ አገር ባቡር ማለት በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮም ነው፤ አባቴ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባቡር ሲያስነሡና እህል ሲፈጩ ነው የኖሩት። የኤሌክትሪክ ወፍጮ መጥቶ ሥራቸው ከቆመ ወዲህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መዋል ነበር፤ ጨዋታ የሚባል ነገር ትተዋል። ያን ቀን ግን እጃቸውን ታጥበው ብድግ አሉ።

«የባቡር ታሪክ ጠየቁ? በይ ደብተርሽን ያዢ» አሉኝ።

«አባባ፣ ይኼ እኮ...» ብዬ ጀመርኩና ፊታቸውን ሳይ ደብተሬን አነሣሁ። እንደዚያ ፈክተው ካየኋቸው ቆይቼ ነበር።

መጀመሪያ ላህ ወንዝ ዳር ወሰዱኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ የቀረው የድንጋይ መሠረት ብቻ ነው። እዚያ የመጀመሪያው ባቡር ሲነሣ ቱፍ ቱፉን የሰሙ ሴቶች ስልቻቸውን ጥለው ሸሹ፤ በማግስቱ ግን በወረፋ ተጣሉ። ይህን ሲያወሩ አባቴ ሳቃቸው አላስጨርስ አላቸው። ሁለተኛው ገበያው አጠገብ ነበር፤ አሁን ቪዲዮ ቤት ሆኗል። ዘው ብለው ገብተው፣ ፊልም የሚያዩትን ጎረምሶች «እስቲ እግራችሁን አንሡ» ብለው ሞተሩ የቆመበትን ቦታ በከዘራቸው አሳዩኝ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ጎረምሶቹ ግን ፊልሙን ትተው እሳቸውን መስማት ያዙ። የወፍጮው ድንጋይ እንዴት እንደሚወቀር፣ የዱቄቱ ልክ በጣት ተዳስሶ እንዴት እንደሚታወቅ ነገሯቸው። ከሽንዲ በአህያ ጭነው የመጡ ሁለት ገበሬዎች ባቡሩ ተበላሽቶባቸው ሦስት ቀን ሲጠብቁ፣ ልጆቻቸውን ለማጋባት ተስማምተው መመለሳቸውንም አወሩ። እኔም ስጽፍ ስጽፍ ደብተሬ አለቀ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን፣ ሌላ ሰው ከሚነግራቸው እኔው ልንገራቸው አልኩ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የጠየቁት በሐዲድ ስለሚሄደው ባቡር ነው፤ ስለ እርስዎ ወፍጮ አይደለም።»

አባቴ እርምጃቸውን እንኳ አላቆሙም።

«አውቃለሁ። በጎረምሳነቴ ድሬዳዋ ስንት ጊዜ ተሳፍሬበታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ከተማውን ሁሉ አዞሩኝ?»

«ስለ ባቡሬ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። «በስሕተትም ቢሆን ተጠየቅሁ፤ ዝም ልበል?»