ጥቁሩ አፈር ከላይ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ላይ የቤቴ መሠረት ሲቆፈር እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ሠራተኞቹ ጥቁሩንም ቀዩንም አንድ ላይ ሲከምሩት ባይ «ኧረ በማርያም፣ ጥቁሩን ለብቻው አድርጉት!» ብዬ ጮኽኩ። ተሳሳቁብኝ። ይሳቁ፤ እነሱ ጋሽ ገመቹን የት አውቀው!

ጋሽ ገመቹ፣ ጎባ ሳድግ፣ የሰፈራችን መቃብር ቆፋሪ ነበሩ። እጀታው በሽቦ የተጠፈረ አካፋ ይይዛሉ፤ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ የወታደር ሱሪና በረባሶ ጫማ ያደርጋሉ። ሲያልፉ ልጆቹ ሁሉ እንሸሻቸው ነበር።

ትንሹ ወንድሜ በትኩሳት ሲሞት ግን የት እሸሻለሁ? ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የልጄ መቃብር ራቁቱን እንዳይቀርብኝ»። ለቅሶው ሲጨንቀኝ ሹልክ ብዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ጋሽ ገመቹ ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው፤ አፋፉ ላይ ጥቁር፣ ቀይና ነጣ ያለ አፈር ለየብቻ ተከምሯል።

«ለምን ይለያያል?» አልኳቸው።

ያባርሩኛል ስል አካፋቸውን ተደገፉ። «ጥቁሩ ሣርና ሥር የበሰበሰበት ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። የሚያበቅለው እሱ ነው። ቀዩ ውስጥ ያለው ብረት ዝጓል፣ ልክ እንደዚህ አካፋ። ነጣ ያለው ደግሞ ገና ፈርሶ ያላለቀ ድንጋይ ነው። ሲናና ወረዳ ሜዳው ላይ ውኃ ስለሚተኛ አፈሩ እስከ ታች ጥቁር ነው። የእኛ ተዳፋት ነው፤ ውኃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀላል።»

ሲቀበር ነጩን አስቀደሙ፣ ቀዩን አስከተሉ። አንዱ ቀባሪ ቸኩሎ ቀዩን ከላይ ሊደፋ ሲል እጁን ያዙት። ጥቁሩ መጨረሻ ላይ ገባ። ክረምት ላይ ሣሩ ወጣ። እናቴ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ከሐዘኑ ወዲህ ደህና አድርጋ የበላችው ያን ቀን ነው።

ጋሽ ገመቹ ራሳቸው ሲሞቱ አሥራ ስድስት ሞልቶኝ ነበር። ዘመድ አልነበራቸውም። ዝናብ ሊጥል ሲል የሰፈሩ ጎረምሶች አፈሩን ደባልቀው ሞሉት፤ ነጩና ቀዩ ከላይ ቀረ። «ቆይ» ማለት ነበረብኝ፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሴት ልጅ በቀባሪ መሃል ምን ትላለች ብዬ አፈርኩ። ያ ዝምታ ዛሬም ያንገበግበኛል። ስንት ክረምት አለፈ፣ መቃብራቸው መላጣውን ቀረ።

ከቤቴ መሠረት የወጣውን ጥቁሩን አፈር ጆንያ ሙሉ ይዤ በሚኒባስ ጎባ ሄድኩ። ረዳቱ «ስንዴ ነው፣ እትዬ?» አለኝ። «አዎ፣ ስንዴ ነው» አልኩት። ምን ልበለው!

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ የእሳቸው ቦታ ላይ፣ ሌላ ሰው ተቀብሯል። ቦታ ጠቦ በላያቸው ቆፍረዋል። ቀይ አፈር ተቆልሏል፤ የአበባው ጉንጉን ገና አልደረቀም።

ተቀምጬ አለቀስኩ። ዘግይቻለሁ፣ በቃ። ከዚያ ጉንጉኑን አነሳሁ፣ ጆንያውን ፈታሁ፣ ጥቁሩን ከላይ በእጄ አለበስኩት። ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።